የሚያጠቡ እናቶችና የመድኃኒት አወሳሰድ

ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለት ነገሮች ይገጣጠማሉ። የቡናው ፍሬ ይቀላል፤ ወባውም ይበረታል። በቴፒ፣ በሚዛን ተፈሪና በዙሪያቸው ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ልጇን አዝላ ቡና የምትለቅም እናት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምራት ወደ ጤና ኬላ ትሄዳለች፤ ተመርምራም መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ ግን አንድ ጥያቄ ያስጨንቃታል፤ መድኃኒቱን ውጣ ጡት ብትሰጥ ሕፃኑን ይጎዳው ይሆን?

በዚህ ስጋት የተነሳ አንዳንዷ እናት መድኃኒቱን ትታ ሕመሟን ለመቻል ትሞክራለች፤ ሌላዋ ደግሞ ልጇን ጡት ታስጥላለች። ሁለቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው። ያልታከመ ወባ እናቲቱን ለከፋ አደጋ ይዳርጋል። ጡት የተከለከለ ሕፃንም ከበሽታ የሚጠብቀውን ወተት ያጣል፤ በንጹሕ ውኃ ባልተዘጋጀ የዱቄት ወተት ምክንያትም ለተቅማጥ ይጋለጣል። ጡት ለቀናት ካልተጠባም ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አብዛኞቹ የተለመዱ መድኃኒቶች ግን ጡት ማጥባትን አያስቋርጡም።

መድኃኒት ወደ ወተት እንዴት ይገባል?

እናት የምትወስደው መድኃኒት ወደ ደሟ፣ ከደሟም ወደ ወተቷ ያልፋል። መጠኑ ግን በአብዛኛው ጥቂት ነው። ለሕፃኑ በወተት በኩል የሚደርሰው መጠን፣ ከሰውነት ክብደት ጋር ተነጻጽሮ፣ እናቲቱ ከወሰደችው ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ብዙውን ጊዜ ተቀባይነት እንዳለው ይታሰባል።

የሕፃኑ ዕድሜ ግን ወሳኝ ነው። ከ2 ወር በታች የሆኑና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ገና ስላልጠነከረ መድኃኒትን ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት በዝግታ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ልጅ እናት የማያሳስብ መድኃኒት ለአራስ እናት ጥንቃቄ ሊያሻው ይችላል።

የወባ መድኃኒቶች

ለፋልሲፓረም ወባ የሚሰጠው ኮአርተምም ሆነ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ጡት ማጥባትን አያስቋርጥም። ኮአርተም በ3 ቀናት ውስጥ 6 ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ ትኩሳቱ ቢለቅም እስከ መጨረሻው መዋጥ አለበት። በወተት በኩል የሚያልፈው ጥቂት መድኃኒት ሕፃኑን ከወባ እንደማይፈውሰውና እንደማይከላከልለትም መታወቅ ይኖርበታል። ሕፃኑ ካተኮሰው ራሱን ችሎ ይመረመራል።

ለብቻው የሚታየው ፕሪማኩዊን ነው። ይህ መድኃኒት ቫይቫክስ ወባ ከጉበት ተነሥቶ እንዳያገረሽ የሚሰጥ ሲሆን፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በዘር የሚያንሳቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሴሎች ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የምታጠባ እናትም ከመቀበሏ በፊት የልጇን ዕድሜ ለባለሙያው መናገር አለባት።

ሌሎች የተለመዱ መድኃኒቶች

ለሕመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን፣ ለኢንፌክሽን አሞክሲሲሊን ለምታጠባ እናት ይስማማሉ። ለሕመም ማስታገሻነት አስፕሪን አይመረጥም። ኮዴይንና ትራማዶል ግን የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዳክሙ ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር ሆና ታጠባለች፤ ለሕፃኑ አደገኛ የሚሆነው የመድኃኒቱ መቋረጥ ነው። የተለመዱት የቲቢ መድኃኒቶችም ማጥባትን አይከለክሉም፤ ሕፃኑ ግን መመርመር አለበት። ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ወተት ሊቀንሱ ስለሚችሉ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት አይመረጡም፤ በምትካቸው ሌሎች ዘዴዎች አሉ። የካንሰር ኬሞቴራፒና ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የመሳሰሉት ሕክምናዎች ግን ጡት ማጥባትን የሚያስቋርጡ ናቸው።

ቡና፣ ጫትና የአገር ባህል መድኃኒት

በቡናው አገር ቡና አትጠጪ ማለት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ይሁን እንጂ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ወደ ወተት ያልፋል፤ ከአራስ ሕፃን ሰውነት ለመውጣትም ቀናት ይፈጅበታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በቀን ደጋግሞ ከተጠጣ ሕፃኑ እንቅልፍ ሊያጣና ሊነጫነጭ ይችላል። ከቡና ቅጠል የሚዘጋጀው ጨሞም ካፌይን አለበት። የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገርም ወደ ወተት ስለሚገባ ጫትን መተው ይመከራል።

ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ሌሎች ዕፅዋት ተጨቅጭቀው ወይም ተቀቅለው ሲወሰዱ መጠናቸው አይለካም። የምትወስድ እናት ይህንንም ሳትደብቅ ለባለሙያው መንገር ይገባታል።

ምን ማድረግ ይገባል?

መድኃኒት ሲታዘዝ «አጠባለሁ፤ ልጄ ይህን ያህል ወሩ ነው» ማለት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከመድኃኒት መደብር በራስ ውሳኔ ገዝቶ ወይም ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አይገባም። ብዙዎቹን መድኃኒቶች ካጠቡ በኋላ ወዲያው፣ ወይም ሕፃኑ ረዘም ላለ ጊዜ ከመተኛቱ በፊት መውሰድ ወደ እሱ የሚደርሰውን መጠን ይቀንሳል። ባለሙያው ማጥባት ለጊዜው እንዲቆም ካዘዘም፣ ወተቱ እንዳይደርቅ በየጊዜው እያለቡ መድፋት ያስፈልጋል።

ሕፃኑ ከወትሮው በተለየ ከተኛና ለመንቃት ካስቸገረ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ሽፍታ ወይም ተቅማጥ ከያዘው ወይም መተንፈስ ከከበደው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ላልመለሰችው ጥያቄ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያም በላይ እንደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያሉ ተቋማት አሉ። መልሱ እስኪገኝ ግን እናቲቱ በራሷ ውሳኔ መድኃኒቱንም ሆነ ማጥባቱን ማቋረጥ የለባትም።