የያዝነው ሙያ ወዴት ይሻገራል? ከስልክ አፕሊኬሽን ወደ ድረ ገጽ

«ልጄ የስልክ አፕሊኬሽን መሥራት ተምሮ ሁለት ዓመት ሠራ። አሁን ክፍት ያለው የድረ ገጽ ሥራ ነው አሉት። ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው?» እዚህ ቂርያት ሃዮቨል ያለ ወላጅ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው በቤታችን አዲስ አይደለምና ወደ ኋላ መለስ ብለን እንየው።

አጼ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ቤተ እስራኤል በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና ይታወቁ ነበር። በጎንደር ዘመን ግን ግንበኛና አናጺ ሆነው ለነገሥታቱ ሠርተዋል። ማረሻ መቀጥቀጥና ግንብ መገንባት አንድ አይደለም። መለካት የለመደ ዓይንና መሣሪያ የለመደ እጅ ግን ለሁለቱም ያገለግላል።

እ.ኤ.አ. በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወላጆቻችን ወደ እስራኤል መጡ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገባ። ከመካከላቸው ብዙ ባለሙያ ነበር። እዚህ ማረሻ የሚያሠራ ገበሬ፣ እንስራ የሚገዛ ጎረቤት አልነበረም። ብዙዎች «ሙያ የለኝም» ብለው ከዜሮ ጀመሩ። ሙያውማ ነበራቸው፤ የጎደለው ድልድዩ ነው።

የልጆቻችን ሙያ ግን ድልድይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣ አፕ ስቶር አልነበረም። አፕል ፕሮግራመሮቹን «በብራውዘር የሚከፈት ሥሩ» ነበር ያላቸው። አፕ ስቶር የተከፈተው በ2008 ነው፤ ያኔ ብዙ የድረ ገጽ ባለሙያ ወደ ስልክ ተሻገረ። ፌስቡክም በ2013 ለድረ ገጽ ሪአክትን፣ በ2015 በዚያው አስተሳሰብ ለስልክ ሪአክት ኔቲቭን ለሁሉም ክፍት አደረገ። መንገዱ በሁለቱም በኩል የተረገጠ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻገራል? ከሰርቨር መረጃ ማምጣት፣ ስህተትን አድኖ ማግኘት፣ በጊት ከሌሎች ጋር መሥራት፣ ለትንሽ ስክሪን ማሰብ፤ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በሪአክት ኔቲቭ የሠራ መንገዱ ያጥርለታል። በስዊፍት ወይም በኮትሊን ብቻ የሠራ ግን ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ቁጭ ብሎ መማር አለበት። ድረ ገጽ በየብራውዘሩና በየስክሪኑ መጠን መሥራት ስላለበት የራሱ ጣጣ አለው። ይህን መደበቅ አይገባም።

ስለዚህ አንተም፣ አንቺም፣ ከሠራችሁት አፕሊኬሽን አንዱን መርጣችሁ እንደገና በድረ ገጽ ሥሩት። ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ሁለቱንም አሳዩ፤ የትኛውን ችግር እንዴት እንደፈታችሁ በራሳችሁ አፍ ተናገሩ።

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁን «በከንቱ ደከምክ» አትበሉት። ያቺ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።