ካሜራ ከመግዛትህ በፊት መቅደላን እይ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የመልክዓ ምድር ፎቶ ማንሳት ልጀምር ነው፣ ግን ስልኬ አይረባም፤ ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ጻፈልኝ። የታሪክ መምህር ሲጠየቅ መልሱ እንደሚረዝም ረስቶታል መሰለኝ።

ወደ 1860 ዓ.ም. እንሂድ። በዙላ በኩል የገባው የጄኔራል ናፒየር ጦር 44 ዝሆኖች ይዞ ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ ስነግራችሁ ሁሌ ትስቁ ነበር። ያልነገርኳችሁ ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎችም እንደነበሩ ነው። ዋና ሥራቸው ለመኮንኖቹ ካርታና ንድፍ በፎቶ ማባዛት ነበር። በዚያው ግን ያለፉበትን አገር አነሱት፤ ሰንዓፌን፣ አዲግራትን፣ በመጨረሻም መቅደላን። ከአገራችን የቀደሙ የመልክዓ ምድር ፎቶዎች መካከል የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው።

ያኔ ፊልም የሚባል ነገር የለም። ሰውየው መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያፈሳል፣ ጨለማ ድንኳን ገብቶ የብር ናይትሬት ውስጥ ይነክረዋል፣ ገና እርጥብ እያለ ሮጦ ካሜራው ውስጥ ይከተዋል፣ ሳይደርቅ ደግሞ ተመልሶ ያጥበዋል። ከደረቀ አለቀ። እንግዲህ ይህ ሁሉ መስታወት፣ ጠርሙስና ድንኳን በከብት ጀርባ ተጭኖ ያንን ተራራ ወጣ ማለት ነው! ስለዚህ እንደ እኛ መቶ ጊዜ አይጫኑም። መጀመሪያ ቦታውን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ ብርሃኑን ይጠብቃሉ፣ ከዚያ አንዴ ያነሳሉ።

ሰማዩም ጣጣ ነበረው። ኬሚካሉ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያይልበት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ከዚያ አስር ዓመት ያህል ቀድሞ ሰማዩንና ባሕሩን ለየብቻ አንስቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። ስልክህ ላይ ኤችዲአር የሚለው ነገርዬ የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። ስታነሳ ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ንካው፣ ደመናው ይመለሳል። በቀትር ግን አትልፋ፤ ጥላ የሌለው ተራራ ግድግዳ ይመስላል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሱን ሰዋ። በአራተኛው ቀን አምባው ተቃጠለ። በሕይወት ሳለ የተነሳ ፎቶው አይታወቅም። ተራራው ግን አለ፣ ያውም ሊያቃጥለው በመጣው ሰው ዓይን። ካሜራው የት ይቁም፣ ምን ይታይ፣ ምን ይቅር ብሎ የወሰነው እሱ ነው። እኛም መቅደላን ስናስብ እሱ በቆመበት ቆመን ነው የምናየው።

ይህን እያሰብኩ የራሴን ስልክ ከፈትኩ። ከወላጆቼ ቤት ጀርባ ልጅ ሆኜ ከብት የጠበቅኩበት ኮረብታ አለ። ዘንድሮ ግማሹ ለድንጋይ ተቆፍሯል። ድሮ ምን እንደሚመስል ለልጄ ላሳያት ብዬ ብፈልግ፣ አንድም ፎቶ የለኝም። ከስምንት መቶ በላይ ፎቶ አለ፣ ሁሉም የእኔ ፊት! ኮረብታው በአንዱ ላይ ከጆሮዬ ኋላ ትንሽ ብቅ ብሏል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ካሜራ አትግዛ፣ ቢያንስ ለጊዜው። የሰፈርህን አንድ ቦታ ምረጥ። ቆመህ የምታነሳበትን ድንጋይ ምልክት አድርግና በየወሩ ከዚያው አንሳው፤ ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፍበት። እኔ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከቀረው ግማሽ ኮረብታ ፊት ለፊት ነኝ። መምጣት የምትፈልጉ ጃኬት ያዙ፣ ይበርዳል።