የእንዶዱ አረፋና የቶሌዶው ወረቀት

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ራስ ገዝ ይሁኑ፣ ገቢያቸውን ራሳቸው ያመንጩ፣ ምርምራቸውን ከመደርደሪያ አውርደው ወደ ገበያ ያውጡ የሚለው ንግግር በየስብሰባው እየተደጋገመ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከንግግር አልፎ የበጀት ጥያቄ ሆኗል። ሃሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ምርምር ወደ ገበያ ሲወጣ ማን ምን እንደሚያገኝ ለማወቅ የሌላ አገር ታሪክ ብቻ መጥቀስ አይጠበቅብንም። የራሳችን ታሪክ አለን፤ ከአድዋ ወንዝ ዳር ተነስቶ አሜሪካ ኦሃዮ ድረስ የሚሄድ። ዛሬ እሱን እናንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አድዋ፣ 1964

ዶክተር አክሊሉ ለማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣት ሳይንቲስት ነበሩ። አድዋ የሄዱት ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ነው። ቢልሃርዝያ የሚያመጣው ትል የዕድሜውን አንድ ክፍል በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያሳልፋል። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ጉበትን፣ አንጀትን ወይም የሽንት ፊኛን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ዋነኛ ተጠቂዎቹ በወንዝ የሚታጠቡ፣ ከወንዝ የሚቀዱና ወንዝ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው።

ዶክተሩ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ደረሱ። ሴቶቹ የሚጠቀሙት ሳሙና አልነበረም፤ እናቶቻችን ሁሉ የሚያውቁትን እንዶድ ነው። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው አንዷን ሴት የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንዶድ ቆሻሻ እንደሚያስለቅቅ ያወቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ያውም ከትውልድ ትውልድ። የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ከቢልሃርዝያ ጋር ያገናኙት ደግሞ ሳይንቲስቱ ናቸው። ግኝቱ የሁለቱ ዕውቀት ድምር ነው። ይህን ኋላ እንመለስበታለን።

በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው ነው። ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ አድዋ ላይ የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆይተው ውጤቱ ሲለካ በከተማው የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ኬሚካሉ ከውጭ የሚገዛ አልነበረም፤ በአጥር ሥር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። የሥነ ዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል መርጠው ኢ44 የተባለውን ጠንካራ ዝርያ ለዩ። በአሜሪካው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ በአክሊሉ ስም «ለማቶክሲን» ተባለ።

እንግዲህ ሳይንሱ አለ፣ የመስክ ውጤቱ አለ፣ ጥሬ ዕቃው አለ። ምርቱ ግን የለም። ለምን?

ገበያው ማንን ያያል?

የመጀመሪያው ምክንያት የመርዛማነት ጥናት ነው። እንዶድ በሰፊው ይሠራበት ዘንድ ለሰውና ለእንስሳት አደገኛ አለመሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቁ ላቦራቶሪዎች መረጋገጥ ነበረበት። ጥያቄው አግባብ ነው፤ መርዝን ወንዝ ውስጥ የሚጨምር ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጥናት ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ይህን ወጪ የሚያወጣው በኋላ በሽያጭ እንደሚመልሰው ሲያምን ነው። ቢልሃርዝያ የሚይዘው ድሃ ገበሬን ነው። ድሃ ገበሬ ደግሞ እንዶድን ከጓሮው መልቀም ከቻለ ከኩባንያ አይገዛም። ስለዚህ ወጪውን የሚሸፍን ነጋዴ ጠፋ። የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ ጥናቱን እስኪደግፍ ድረስ ዓመታት ነጎዱ።

ሁለተኛው ምክንያት አክሊሉ ራሳቸው በየመድረኩ ያነሱት ነው፦ አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካውያን የተሠራ ሳይንስ ውጭ አገር ካልተደገመ አይታመንም ነበር።

በሦስተኛ ደረጃ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መጣ። ትሉን ከሰው አካል ውስጥ የሚገድል ኪኒን ስለሆነ የቢልሃርዝያ ዘመቻው ከቀንድ አውጣው ወደ በሽተኛው ዞረ። ለእውነት ስንል ይህንንም መናገር አለብን፤ እንዶድን የጎዳው ተንኮል ብቻ አይደለም፣ የተሻለ መድኃኒትም መጥቶበታል። ሆኖም ኪኒን የዋጠ ልጅ ተመልሶ ያው ወንዝ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይያዛል። ቀንድ አውጣው አሁንም እዚያው ነው።

በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ አክሊሉና ለገሰ፣ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ሽልማት ግን ፋብሪካ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ የተቀየረው ሕግ

የእንዶድ ሥራ እዚህ ሲጓተት አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲዎች ባሕርይ እየተቀየረ ነበር።

ዩኒቨርሲቲና ፓተንት የተገናኙት ቀደም ብሎ ነው። በ1923 የኢንሱሊን ፈልሳፊዎች ፓተንታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በነፍስ ወከፍ በአንድ ዶላር ሸጡት። ዓላማቸው ማንም ነጋዴ መድኃኒቱን ብቻውን እንዳይዘው ነበር። በ1925 ደግሞ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ስቲንቦክ ምግብን በብርሃን አክሞ ቫይታሚን ዲ እንዲኖረው የሚያደርግበትን ዘዴ የሚያስተዳድር ድርጅት በዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪዎች ተቋቋመ። ገቢው ለተጨማሪ ምርምር ዋለ። ድርጅቱ ግን የዊስኮንሲንን የወተትና የቅቤ አምራቾች ላለመጉዳት ሲል ለማርጋሪን ፋብሪካዎች ፈቃድ ከለከለ። ማርጋሪን የድሃ ቅቤ ነው። ፓተንቱን በ1940ዎቹ ፍርድ ቤት ሻረው።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ነገር እንማር። ፓተንት እንደ ቢላ ነው፤ እንጀራም ይቆርሳል፣ እጅም ይቆርጣል። የሚወስነው የያዘው ሰው ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1980 ነው። በሴናተሮቹ በርች ባይ እና ሮበርት ዶል ስም የሚጠራው ሕግ በታኅሣሥ ወር ተፈረመ። ከዚያ በፊት በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ ግኝት በአመዛኙ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ፋይል ውስጥ ይቀር ነበር። አዲሱ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ግኝቱን በራሳቸው ስም ፓተንት አስወጥተው ለኩባንያ እንዲያከራዩ ፈቀደ። በዚያው ወር ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር ለፈጠሩት ዘረ-መልን ቆርጦ የመቀጠል ዘዴ ፓተንት አገኘ። የዩኒቨርሲቲው የፈቃድ ቢሮ ኃላፊ ኒልስ ራይመርስ ዘዴውን ለአንድ ኩባንያ ብቻ አልሸጠም። ለሚፈልግ ሁሉ በመጠነኛ ክፍያ፣ በዓመት ከ10,000 ዶላር ጀምሮ፣ አከራየ። ፓተንቱ በ1997 እስኪያበቃ 468 ኩባንያዎች ፈቃድ ወስደው ወደ 255 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ተገኘ። ይህን ያየ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የራሱን የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ ለመክፈት ተሽቀዳደመ።

ከእነዚህ አንዱ የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ቶሌዶ፣ 1990

የቶሌዶ ከተማ ኢሪ ከተባለው ሐይቅ ዳር ነው ያለችው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ በመጡ መርከቦች ውሃ ውስጥ ተደብቃ የገባች ዜብራ መስል የምትባል ባለ ቅርፊት ትንሽ ፍጥረት ሐይቆቹን አጥለቀለቀች። የውሃና የኤሌክትሪክ ድርጅቶችን ቧንቧ ትደፍናለች። በ1989 ጎረቤቷ ሞንሮ ከተማ የውሃ መስመሯ ተዘግቶባት ተቸግራለች።

በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ ወደ ቶሌዶ ሄዱ። የዜብራ መስልን ወሬ ሲሰሙ ሃሳብ መጣላቸው፤ የቀንድ አውጣ ዘመድ አይደለችምን? እንዶዱ ተሞከረ፤ ሠራ። በጥቅምት 1993 የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ በእንዶድ ዜብራ መስልን የመቆጣጠሪያ ዘዴን ፓተንት ሰጠ። በፈልሳፊነት የተመዘገቡት አክሊሉና የቶሌዶ ተመራማሪዎች ናቸው። የፓተንቱ ባለቤት ግን ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። ተክሉ አንድ፣ ሳይንቲስቱ አንድ፣ አረፋው አንድ። የአድዋ ልጆችን ለማዳን ሩብ ምዕተ ዓመት ደጅ የጠናው ግኝት የኦሃዮን ቧንቧ ለመጥረግ በሦስት ዓመት የባለቤትነት ወረቀት አገኘ። ልዩነቱ የሳይንስ አይደለም። ቧንቧው የሚከፍል ባለቤት አለው፤ ልጁ የለውም።

የዘረ-መል ሀብት ተሟጋቾች ይህን ዝርፊያ ብለውታል። እኔ ግን ቃሉን ከመወርወሬ በፊት አንድ ነገር አስባለሁ። ቶሌዶ በአገሩ ሕግ ያጠፋው የለም። አገሮች በብዝኃ ሕይወት ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብትና የጥቅም ድርሻ የሚያውቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 1993 መጨረሻ ነው፤ ፓተንቱ ከተሰጠ ከሁለት ወር በኋላ። አሜሪካ ደግሞ ያንን ስምምነት እስካሁን አላጸደቀችም። ቶሌዶ ያደረገው የተደራጀ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ግቢው ውስጥ አዲስ ነገር ሲገኝ ቢሮው መጣ፣ መዘገበ፣ አስፈረመ። በእኛ በኩል «ይህ ዕውቀት ከየት መጣ? ድርሻችንስ?» ብሎ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ቢሮ አልነበረም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

በወረቀቱ ላይ የሌሉትንም እንቁጠር። የአድዋ ሴቶች የሉም። ለዓመታት ወንዝ ሲለኩ የኖሩት የኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች የሉም። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የለም።

ደግሞ ቶሌዶ በዚህ ከበረ እንዳትሉ። አብዛኞቹ የውሃ ድርጅቶች ቧንቧቸውን የሚጠብቁት በክሎሪን ነው፤ የፓተንቱም ዘመን አልፏል። ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ስታንፎርድ የሚጠቀሰው ስታንፎርድ ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ፓተንቶች የምዝገባ ወጪያቸውን እንኳ አይመልሱም፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከጥቂቶቹ ነው።

ለእኛ የቀረው ጥያቄ

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጃችንን አልተቀመጥንም። የፓተንት አዋጅ በ1995፣ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2003፣ የዘረ-መል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ በ2006 ወጥተዋል። ሕጉ ግን ብቻውን እንደማይጠብቅ በጤፍ አይተናል። በጤፍ ዱቄት ላይ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የያዘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 የሻረው በእኛ ክስ ሳይሆን እዚያው አገር ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካሰው ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን «ምርምራችሁን ሽጡ» ስንላቸው ሦስት ነገር አብረን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ተመራማሪው ጥናቱን ከማሳተሙ ወይም ናሙናውን ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት የሚያማክረው፣ ውል ማንበብ የሚችል ባለሙያ ያለበት ቢሮ አለ? ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ ከገበሬ ወይም ከልብስ አጣቢ ሴት ሲመጣ ስሟና ድርሻዋ ውሉ ላይ ይገባል? ሦስተኛውና ዋናው፣ ገዢ የሌለውን ምርምር ማን ይከፍልለታል?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በስብሰባዎቹ ላይ ሲነሳ አይሰማም። ዩኒቨርሲቲ በገቢው ብቻ የሚለካ ከሆነ ነገ አንድ ወጣት ተመራማሪ ወንዝ ዳር ቆሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ሲያይ አለቃው «ማን ይገዛዋል?» ይለዋል። መልሱ «ማንም» ነው። አክሊሉ ለማም በዚህ ሚዛን ቢለኩ ኖሮ ከአድዋ ወደ ቢሯቸው በተመለሱ ነበር።

ገበያ የሚፈልገውን ዩኒቨርሲቲው ያከራይ፤ ጥሩ ዋጋም ይጠይቅ። ገበያ የማያየውን ግን መንግሥት በበጀት ይያዘው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እንዶዱ ዛሬም በየአጥሩ ሥር አለ፤ ልጆቹም ዛሬም ወንዝ ውስጥ ይጫወታሉ።