ፕሬዚዳንቱ ፋብሪካዎቹን የመለሱበት ቀን

እ.ኤ.አ. በ1952 የጸደይ ወራት የኮሪያ ጦርነት አላባራም ነበር። የእኛው ቃኘው ሻለቃም ከ1951 ጀምሮ እዚያው ግንባር ተሰልፏል። በአሜሪካ ደግሞ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር በደመወዝ ጉዳይ ከአሠሪዎች ጋር መስማማት አቅቶት አድማ ሊመታ ሰዓታት ቀርተውታል። ብረት ከጠፋ ለጦሩ መሣሪያ ይጠፋል ብለው የሰጉት ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን፣ ኤፕሪል 8 ማታ የአገሪቱን ዋና ዋና ብረት ፋብሪካዎች መንግሥት እንዲረከብ አዘዙ።

ሥልጣኑን ከየት አገኙት? ኮንግረስ በ1947 የሠራተኛና አሠሪ ሕግ ሲያወጣ፣ መንግሥት እንዲህ ባለ ጊዜ ፋብሪካ ይውረስ የሚል ሐሳብ ቀርቦለት ሳይቀበለው ቀርቷል። ሕጉ አድማን ለ80 ቀን የሚያዘገይ ሌላ መንገድ ቢሰጥም ትሩማን አልተጠቀሙበትም። የፋብሪካዎቹ ባለቤቶች ሲከሱም፣ የመንግሥት ጠበቃ በዳኛ ዴቪድ ፓይን ችሎት የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚገድቡት ምርጫና በኮንግረስ ተከሶ ከሥልጣን መነሳት ብቻ ናቸው ሲል ተከራከረ። እንዲህ ያለው ክርክር በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱን የጻፉትን ሰዎች ባስደነገጠ ነበር። እነሱ ከእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አገዛዝ የወጡ ናቸው፤ የማሳቹሴትስ ባለዕዳ ገበሬዎች ባመፁ ጊዜም የማዕከላዊ መንግሥትን አቅመ ቢስነት በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ጠንካራ ፕሬዚዳንት አቆሙ፤ ሕግ ማውጣትንና ገንዘብ መመደብን ግን ለኮንግረስ ሰጡ።

ፓይን በመንግሥት ላይ ፈረዱ፤ ጉዳዩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዘጠኙም ዳኞች ከትሩማን በፊት በነበሩት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወይም በራሳቸው በትሩማን የተሾሙ ነበሩ። ጁን 2 ቀን ስድስቱ በፕሬዚዳንቱ ላይ ፈረዱ። ከስድስቱ አንዱ ቶም ክላርክ፣ ቀድሞ የትሩማን ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሰው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ዘመን የተሻገረው የዳኛ ሮበርት ጃክሰን አስተያየት ነው፦ የፕሬዚዳንት ሥልጣን ከኮንግረስ ጋር ሲስማማ ይበረታል፣ ኮንግረስ ዝም ባለበት ያጠራጥራል፣ ኮንግረስ የማይፈልገውን ሲያደርግ ደግሞ እጅግ ይመነምናል።

እኔ ግን ከፍርዱ ይልቅ ከፍርዱ በኋላ የሆነው ይበልጥ ይደንቀኛል። ፍርድ ቤት ጦር የለውም። በ1861 የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቴኒ፣ የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት የመቅረብ መብቱን ማገድ የፕሬዚዳንት ሊንከን ሥልጣን አይደለም ብለው ሲወስኑ፣ ሠራዊቱ እስረኛውን አልለቀቀም፤ ቴኒም ማስገደጃ አልነበራቸውም። ትሩማንም በጦርነት መሃል ነበሩ፤ በፍርዱም እጅግ ተቆጥተዋል። ሆኖም በዚያው ቀን ፋብሪካዎቹ ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ አዘዙ። የፈሩት አድማም ወዲያው ተጀመረና ከሰባት ሳምንት በላይ ቆየ። ያንን ዋጋ እያወቁ መታዘዛቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከዘመናቸው ትልልቅ ውሳኔዎች አንዱ ነው።

ከ22 ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በቢሯቸው የተቀዱ የድምፅ ቅጂዎቻቸውን ለፍርድ ቤት እንዲያስረክቡ ስምንት ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ ሦስቱን የሾሟቸው ራሳቸው ኒክሰን ነበሩ። እሳቸውም እንደ ትሩማን ታዘው ቅጂዎቹን አስረከቡ፤ በኦገስት 9 ቀን 1974ም ሥልጣናቸውን ለቀቁ።