የአንግሊካን ሀገረ ስብከት መዛግብትና የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ

የተወለድሁባት ዓለም ጤና አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ከተማ ናት። የሁለቱን ቋንቋዎች የኅትመት ታሪክ ስከታተል ግን ደጋግሜ የምደርሰው ሩቅ ከሚመስል ቦታ፣ ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መዛግብት ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን እነዚህን ሰነዶች «የሃይማኖት ታሪክ ነው» ብለው ለሌላ ትምህርት ክፍል መተዋቸው ስሕተት ይመስለኛል።

በአገራችን ሀገረ ስብከቱ ዘግይቶ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ በግብፅ ሀገረ ስብከት ሥር ከቆየች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የእስክንድርያ የአንግሊካን ጠቅላይ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም ጋምቤላና የአፍሪካ ቀንድ ራሳቸውን የቻሉ አህጉረ ስብከት ሆኑ። መዝገቡ ግን ሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1799 ለንደን ላይ የተመሠረተው የአንግሊካን ሚስዮን ማኅበር ሲሆን፣ ሰነዶቹ ዛሬ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1820 የማኅበሩ መልእክተኛ ዊልያም ጆዌት ካይሮ ላይ 9,539 ገጽ ያለውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ጽሑፍ ለብሪታንያና ውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛ። ዋጋው 1,250 ፓውንድ ነበር። ተርጓሚው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ያስተረጎመው ደግሞ የፈረንሣይ ቆንስላ ሹሙ አስላን ደ ሼርቪል። ሹሙ እንደ ጻፈው፣ ሁለቱ ዐሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው ዐረብኛውን ቁጥር በቁጥር እያነበቡ ሠሩት። ልብ ይሏል፤ መነሻው ግእዝ አይደለም። ግእዝ የጽሕፈት ቋንቋ በሆነበት ዘመን ከአማርኛ ረጃጅም ዝርው ጽሑፎች አንዱ ከቅኔ ቤት ርቆ፣ በሰው አገር ተወለደ ማለት ነው። ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተሙ። አቡ ሩሚ አንዱንም አላየም፤ ቀደም ብሎ በወረርሽኝ ሞቷል። ስለ እርሱ የምናውቀው ከሞላ ጎደል ሻጩና ገዢው የጻፉትን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ኢዘንበርግና ክራፕፍ ናቸው። (የእንግሊዝ ማኅበር መልእክተኞቹን ከጀርመን መፈለጉ ራሱን የቻለ ወግ ነው።) ክራፕፍ በሸዋ ሳለ የተማረውን ኦሮምኛ ሰዋስው በ1840፣ ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ ሰዋስዉን በ1842 ለንደን ላይ አሳተሙ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጎባ ማስታወሻ ነው። ሳሙኤል ጎባ በ1846 የኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ከመሆኑ በፊት፣ በ1830 ጎንደር ገብቶ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራክሯል። ክርክሩ በ1834 ሲታተም ሊቃውንቱ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። የእኛ ሰዎች ቃል አለ፤ አማርኛው ግን የለም። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ከዚያ ጥቂት ገጾች ወደ አማርኛ እንዲመልሱ አዝዣቸው ነበር። ስለ ክርስቶስ የተባለው ጋ ሲደርሱ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ «ባሕርይ» አለ፣ ገሚሱ «አካል»። ለጎንደር ሊቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚያስወግዝ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ደወል ተደወለ፤ ወረቀቶቹን እንደ ተከፈሉ ሰበሰብኋቸው።