የሚጠፋው አምፖልና የሚዞረው መርፌ

ጄኔሬተሮችን በአንድ መስመር ላይ አጣምሮ ማሠራት ዛሬ የማንኛውም ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የዘወትር ተግባር ቢሆንም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ግን ተለዋዋጭ ጅረት የሚያመነጩ ማሽኖች ጎን ለጎን መሥራት መቻላቸው ራሱ አጠራጣሪ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ሆፕኪንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ባቀረበው ጥናት፣ የተጣመሩ ማሽኖች የቀደመው እየተገታ፣ የዘገየው እየተሳበ እኩል እንደሚራመዱ በስሌት አሳየ።

የቀረው ጥያቄ የማጣመሪያው ቅጽበት ነበር። አዲስ የሚገባው ጄኔሬተር ቮልቴጁ ከመስመሩ ጋር እኩል፣ ፍሪኩዌንሲው ማለትም በሰከንድ የሚያደርገው የሞገድ ምልልስ ተቀራራቢ፣ የፌዞቹም ማለትም በየሽቦው የሚሄዱት ሞገዶች ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ከዚህም በላይ ብሬከሩ ማለትም ማሽኑን ከመስመሩ የሚያገናኘው ማብሪያ የሚዘጋው የሁለቱ ሞገዶች ከፍታና ዝቅታ በሚገጥምበት ጊዜ ካልሆነ፣ የሚፈጠረው ኃይለኛ ጅረት የማሽኑን ጥቅል ሽቦ ሊያበላሽና ዘንጉን ክፉኛ ሊያናውጥ ይችላል።

ይህን ቅጽበት ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ተራ አምፖል ነበር። ባልተዘጋው ብሬከር ሁለት ጫፎች መካከል የተገናኘ አምፖል ሞገዶቹ ሲገጥሙ ይጠፋል፣ ሲቃረኑ ደምቆ ይበራል፤ አንዱ ማሽን 50፣ ሌላው 49.9 ምልልስ ቢኖራቸው አምፖሉ በየ10 ሰከንዱ አንድ ጊዜ በርቶ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ጨለማ የማያሻማ ምስክር አልነበረም፤ ምክንያቱም የአምፖሉ ክር በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለማይግል ሞገዶቹ ገና ሳይገጥሙም ይጨልማል፣ የተቃጠለ አምፖልም ከጠፋ አምፖል አይለይም፣ የትኛው ማሽን እንደሚፈጥንም አይናገርም። አንዳንዶች ሽቦውን አቀያይረው ድምቀትን ምልክት ቢያደርጉም ድምቀቱ ከፍተኛ የሚሆንበትን ነጥብ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ በክብ የተደረደሩ ሦስት አምፖሎች ግን ብርሃናቸው በሚዞርበት አቅጣጫ ፈጣኑን ከዘገምተኛው ለዩ።

በ1895 ሥራ የጀመረው የናያጋራ ፏፏቴ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 5,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን ጄኔሬተሮች ሲያሰልፍ ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት እጅግ ከበደ። በዚያ የሠራው መሐንዲስ ፖል ሊንከን ሲንክሮስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፈ፤ በውስጡ አንዱ ጥቅል ሽቦ ከመስመሩ፣ ሌሎች ሁለት እርስ በርስ ቀጥ ባለ ማዕዘን የተቀመጡት ደግሞ ከሚገባው ማሽን እየተመገቡ መርፌውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመርፌው ቦታ የሞገዶቹን ርቀት፣ የዙረቱ አቅጣጫ ደግሞ ማሽኑ መፍጠኑን ወይም መዘግየቱን ያሳያል።

ኦፕሬተሩ መርፌው በ«ፈጣን» አቅጣጫ በዝግታ እንዲዞር የተርባይኑን ፍጥነት ያስተካክላል፤ ይህ ማሽኑ እንደገባ ከመስመሩ ኃይል ከመሳብ ይልቅ ጭነት እንዲሸከም ያደርገዋልና። ብሬከሩ ለመዘጋት ቅንጣት ሰከንድ ስለሚፈጅበትም መርፌው የሞገዶቹን መግጠም ወደሚያመለክተው የላይኛው ነጥብ ከመድረሱ ጥቂት አስቀድሞ የብሬከሩን እጀታ ያዞራል። ከላይ ቆሞ የቀረ መርፌ ግን አይታመንም፤ ተበላሽቶም ሊሆን ይችላልና መዞሩ አስቀድሞ መታየት አለበት። በብዙ ጣቢያዎች አምፖሎቹ ከመርፌው ጎን የቆዩት፣ በኋላም ያለጊዜው የሚደረግን መዝጋት የሚከለክል ሪሌይ የተጨመረው፣ አንድ ምስክር ብቻውን እንደማይበቃ መሐንዲሶች ከመጀመሪያው ጨለማ ስለተማሩ ነው።