የእግር ሊምፍ ሥሮች በሥዕል ሊታዩ የቻሉበት መንገድ

በአንድ ከተማ የንጹሕ ውሃና የፍሳሽ መስመሮች ተለያይተው እንደሚዘረጉ ሁሉ፣ በሰው አካልም ውስጥ ከደም ሥሮች ጎን ለጎን ሌላ መስመር ተዘርግቶ ይገኛል። ይኸውም የሊምፍ ሥር የሚባለው ነው። ደም በቀጫጭኖቹ ሥሮች ሲያልፍ ከፈሳሹ ጥቂቱ እየሰረገ ወደ ሥጋው ይወጣል፤ ይህን ፈሳሽ ሰብስቦ፣ በየመንገዱ ባሉት ዕጢዎች አጣርቶ፣ በመጨረሻ በአንገት ግርጌ ወዳለው ደም መላሽ ሥር የሚመልሰው ይህ መስመር ነው። መስመሩ የተዘጋ ወይም ከመነሻው በቂ ሆኖ ያልተፈጠረ እንደ ሆነ ፈሳሹ በእግር ወይም በእጅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳውም እያደር ይደነድናል። ጉዳቱ የቱ ላይ እንዳለ ለማወቅ መስመሩን ማየት የግድ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የሊምፍ ሥር ለዓይን የተሰወረ ነው። ፈሳሹ ቀለም የለውም፤ ግድግዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሥሥ ነው፤ በእግር ላይ ያለው ስፋቱም ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በራጅ ቢታይ ከአካባቢው ሥጋ አይለይም። እንደ ደም ልብ የሚባል ማዕከላዊ መግፊያ ስለሌለው ከአንድ ቦታ ቀለም ቢጨምሩበት ሁሉንም አዳርሶ አያሳይም። ከዚህም በላይ በውስጡ በየጥቂት ርቀቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ መዝጊያዎች ስላሉት፣ ሊያየው የሚፈልግ ሁሉ ከጫፍ፣ ማለትም ከእግር ጣቶች አጠገብ ጀምሮ ወደ ላይ መግባት አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውሎ ያየው ሰው ያየው ሳይፈልገው ነበር። በሐምሌ 1622 ኢጣልያዊው ሐኪም ጋስፓሬ አሴሊ ስለ ሌላ ጉዳይ ለማጥናት የአንድ ውሻ ሆድ ሲከፍት፣ በአንጀቱ ዙሪያ ነጫጭ ክሮች ተዘርግተው አገኘ። በመጀመሪያ የነርቭ ክሮች መሰሉት፤ አንዱን ሲቈርጠው ግን ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ውሻው ሲሞት ክሮቹ ጠፉ፤ ባልበላ ውሻ ላይ ሙከራውን ሲደግመው ደግሞ ምንም አልታየም። አሴሊ ክሮቹ የሚታዩት እንስሳው ከበላ በኋላ መሆኑን የተረዳው በዚህ ጊዜ ነው። ምክንያቱም ከምግቡ የተገኘው ስብ ፈሳሹን ስለሚያነጣው ነው። ስብ ለሊምፍ ሥር የተፈጥሮ ቀለም ሆኖለት ነበር ማለት ነው። ግኝቱን የያዘው መጽሐፍ ደራሲው ካረፈ በኋላ በ1627 በባለ ቀለም ሥዕሎች ታትሞ ወጣ።

በእግር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ወተት የለም። ስለዚህ ተከታዮቹ ከውጭ የሚጨመር ነገር መፈለግ ነበረባቸው፤ ያገኙትም ባዚቃን፣ ማለትም ሜርኩሪን ነበር። በሲዬና ከተማ የነበረው ፓውሎ ማስካኚ በሬሳ ላይ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ባዚቃ እያስገባ የመላውን አካል የሊምፍ ሥሮች አጥንቶ በ1787 ድንቅ የሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። ባዚቃ ከውሃ ከ13 ጊዜ በላይ የሚከብድ በመሆኑ በራሱ ክብደት እየገፋ ሥሩን ይሞላዋል፤ ብር መስሎም ያበራል። ነገር ግን መርዝ ስለ ሆነ በሕይወት ላለ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ራጅ በ1895 ከተገኘ በኋላም እንኳ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሕያው ሰው እግር የሊምፍ ሥር ስውር እንደ ሆነ ቆየ።

ይህን የለወጠው በለንደን የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ጆን ኪንሞንት ነው። በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጠው ዘዴ ሁለት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያ ፓተንት ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም በእግር ጣቶች መካከል ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል። የሊምፍ ሥሮች ቀለሙን ራሳቸው መጥጠው ሰማያዊ ይሆናሉ። ቀጥሎ ሐኪሙ የእግሩን የላይኛ ገጽ በትንሹ ሰንጥቆ ሰማያዊውን ክር ይፈልጋል፤ ከአካባቢው ሥጋ ለይቶ በቀጭን መርፌ ይገባበትና አዮዲን ያለበትን ፈሳሽ ይረጭበታል። አዮዲን የራጅን ጨረር ስለሚያግድ ሥሩ በፊልሙ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። አንባቢ እንደሚገነዘበው የዘዴው ብልኀት ያለው በመርፌው ላይ ሳይሆን ከመርፌው በፊት ነው፤ ሥሩ የት እንዳለ እንዲናገር የተደረገው ሥሩ ራሱ ነውና።

ውጤቱ የቆየ አስተሳሰብን አፈረሰ። ኪንሞንትና ባልደረቦቹ እግራቸው ያለ ግልጽ ምክንያት ያበጠባቸውን 107 በሽተኞች መርምረው በ1957 ባወጡት ጥናት፣ በብዙዎቹ ላይ የታየው መዘጋት ሳይሆን የሥሮቹ ማነስ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ጨርሶ አልታዩም፤ በጥቂቶቹ ደግሞ ሥሮቹ ከልክ በላይ ሰፍተውና ተጠማዝዘው ተገኙ። የተዘጋ ቧንቧ ይከፈታል፤ ያልተዘረጋ ቧንቧ ግን የሚከፈት ነገር የለውም። ይህን ሳያውቁ በእንዲህ ያለው እግር ላይ ቢላዋ ማንሣት ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበር ከዚያ ወዲህ ግልጽ ሆነ።

የመጀመሪያው ፈሳሽ በውሃ የሚሟሟ ስለ ነበረ በሥሩ ግድግዳ እየሰረገ ብሽሽት ሳይደርስ ይደበዝዝ ነበር። በ1960 ግድም በምትኩ አዮዲን የተቀላቀለበት የፖፒ ዘር ዘይት ገባ። ይህ ሊፒዮዶል የተባለ ዘይት በ1901 በፓሪስ ለመድኃኒትነት የተሠራ ሲሆን፣ ራጅን የማገድ ጠባዩ የታወቀው በ1921 ነበር። ዘይቱ ከሥሩ አይሰርግም፤ በዕጢዎቹም ውስጥ ለወራት ይቈያል። ስለዚህ የዕጢ ካንሰር እስከ የት እንደ ተሰራጨ ለማወቅ ለብዙ ዓመታት ዋና መሣሪያ ሆነ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የአሴሊ ስብ በፋብሪካ ተሠርቶ ተመለሰ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዋጋ ነበረው። ለአንድ እግር የሚሰጠው ዘይት ከ10 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ቶሎ ቢገፋ ሥሩ ስለሚፈነዳ በሞተር በሚነዳ መግፊያ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ እየተንጠባጠበ ይገባ ነበር፤ በሽተኛውም ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ዘይቱ በመጨረሻ ወደ ደም ገብቶ በሳንባ ጥቃቅን ሥሮች ውስጥ ስለሚሰነቀር ሳንባው ለደከመ ሰው አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ያበጠ እግር ላይ ያለ ቍስል በቀላሉ አለመዳኑ፣ ዘይቱም የቀሩትን ጥቂት ሥሮች ሊያስቈጣ መቻሉ ነው። ሥሮቹ ያነሱበት ሰው፣ ማለትም ምርመራው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው፣ መርፌው የሚገባበት ሥር የሚታጣበትም እርሱ ነበር። የመለኪያ መሣሪያ የሚለካውን ነገር የሚያበላሽ ከሆነ መሣሪያው ገና አልተጠናቀቀም።

መሐንዲስ አንድን የውሃ መስመር በሁለት መንገድ ሊመረምር ይችላል፤ አንደኛው በግፊት ፈሳሽ አስገብቶ ቧንቧው እስከ የት እንደሚደርስ ማየት ነው፤ ሁለተኛው መስመሩን ሳይነኩ ከምንጩ ላይ ጥቂት ምልክት ጨምሮ ከታች በስንት ሰዓት እንደሚደርስ መጠበቅ ነው። የኪንሞንት ዘዴ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የመጣው ከኒውክሌር ሣይንስ ነበር። በ1953 ሸርማንና ተር ፖጎሲያን የተባሉ አሜሪካውያን ጨረር የሚሰጥ የወርቅ ኮሎይድ ከቆዳ ሥር ቢሰጥ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ እንደሚከማች አሳዩ። ወርቁ ግን ግማሽ ዕድሜው 2.7 ቀን ከመሆኑም በላይ የሚሰጠው ቤታ ጨረር መርፌ የተወጋውን ሥጋ ይጎዳ ነበር። መፍትሔው በ1937 የተገኘው ቴክኔቲየም ሆነ፤ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ሲሆን ለሥዕል የሚመች ጋማ ጨረር ይሰጣል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ቴክኔቲየምን ከሞሊብዴነም እያጠበ የሚያወጣ ዕቃ ተሠራ፤ ሠራተኞቹ ዕቃውን «ላም»፣ ሥራውንም «ማለብ» ብለውታል። በዚያው ዘመን ሃል አንገር በበርክሌይ የጋማ ካሜራን ሠራ።

ከዚህ በኋላ ቀዶ ጥገና አላስፈለገም። ጥቂት ኮሎይድ በእግር ጣቶች መካከል ይወጋል፤ ካሜራው ወደ ብሽሽት የሚያደርገውን ጕዞ ይከታተላል። ሁሉም የተንጠለጠለው በቅንጣቱ መጠን ላይ ነው፤ ከመጠን በላይ ከደቀቀ ወደ ደም ሥር ይገባል፤ ከ100 ናኖሜትር እጅግ ከበለጠ ከተወጋበት አይነሣም። ሥዕሉ እንደ ኪንሞንት ፊልም ጥርት ያለ አይደለም፤ የሥሩን መልክ ሳይሆን ሥራውን ያሳያል። በጤነኛ እግር ምልክቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብሽሽት ሲደርስ፣ በታመመው ዘግይቶ ይደርሳል ወይም ወደ ኋላ ተመልሶ በቆዳው ላይ ይሰራጫል። ይህን የቆዳ ላይ መሰራጨት ኪንሞንት ቀድሞ በሰማያዊው ቀለም አይቶት ነበር። ከ2000ዎቹ ወዲህ ደግሞ በተለይ በጃፓን የተስፋፋው አረንጓዴ የፍሎረሰንስ ቀለም፣ ከቆዳ በታች ጥቂት የሆነ ጥልቀት ብቻ ቢያሳይም፣ የሥሩን መኰማተር ያለ ጨረር እንዲታይ አድርጓል።

ከቆዳ ሥር የገባ ደቃቅ ቅንጣት ከእግር ተነሥቶ በብሽሽት ዕጢ መከማቸቱ በሆስፒታል ብቻ የሚደረግ ሙከራ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍሎች ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሌሎች አገሮች፣ በኢትዮጵያም በቆላው በጋምቤላ፣ እብጠቱን የሚያመጣው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ ትል ነው። በደጋው ግን ትሉ የለም። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በየገበያው የሕዝቡን እግር እየተመለከተ በሽታው የበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብም በሚበዛበት አገር መሆኑን አረጋገጠ። ከብሽሽት የተወሰዱ ዕጢዎች፣ ሕዝቡ ሲያብጡ ንፍፊት የሚላቸው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና በራጅ ትንተና ሲመረመሩ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው የአፈር ቅንጣቶች ተገኙባቸው። ባዶ እግሩን የሚያርስ ገበሬ ምልክቱን ለዓመታት ሲወጋ ኖሯል ማለት ነው፤ ሐኪሙ በአንድ ሰዓት የሚያየውን ጕዞ አፈሩ በዕድሜ ልክ ይጓዘዋል። ፕራይስ በሽታውን «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው።

ቅንጣቶቹ እግራቸው ባላበጠ ባዶ እግር ሰዎች ዕጢ ውስጥም መገኘታቸው ግን አፈሩ ብቻውን በቂ ምክንያት አለመሆኑን ያመለክታል። በሽታው በአንዳንድ ቤተ ሰብ ለምን እንደሚበዛ በከፊል የታወቀው በ2012 ነው፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በወላይታ ባደረገው ጥናት የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ የዘር ቅንጣቶች ልዩነት ከበሽታው ጋር መያያዙን አሳየ።

ለዚህ በሽተኛ እግሩን ሰንጥቆ ዘይት ማስገባት የሚመከር አልነበረም፤ ጋማ ካሜራም ከገጠር ጤና ጣቢያ የራቀ ነው። በ2018 ውጤቱ የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናት 696 በሽተኞችን ከሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን እግርን ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያው ሰጠ፤ ሁለተኛው ወገን ከጥናቱ በኋላ እንዲያገኝ አደረገ። ወዲያው ያገኙት ሰዎች ትኵሳትና ቍርጥማት የሚያመጣው የእግር መቈጣት ቀነሰላቸው። መለኪያው ሥዕል አልነበረም፤ በሽተኞቹ የታመሙባቸውን ቀኖች ያሰፈሩበት መዝገብ ነበር።